ሰገል እና እግረ ቆልማማው ግልገል

ሰገል ቀፊራ ገበያ እርድና ሄል ትሸጣለች። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን። ባሏ ዋሪስ ከሞተ ወዲህ ነገር ዓለሙን ትታዋለች። «እንዴት አደርሽ?» ስላት «አለሁ» ትለኛለች፤ በቃ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፣ የሷ ግን በዛ። እኔ ካሣ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ወሬ እወዳለሁ፣ ዝምታ ያናድደኛል።

አምና ከአረፋ ጥቂት ቀደም ብሎ ፍየሏ ወንድ ግልገል ወለደችላት። ሁለቱ የፊት እግሮቹ ታጥፈው የቀሩ ስለነበሩ በጉልበቱ ነበር የሚንፏቀቀው። «ይሄ አይተርፍም፣ ተይው» አልኳት። አፌን በቆረጠው! ሰገል ግልገሉን ታቅፋ ወተት በጡጦ አጠጣችው። በማግስቱ በሬን አንኳኩታ የውሃ ቱቦ ቁራጭ ለመነችኝ።

ቱቦውን ለሁለት ሰንጥቄ ሰጠኋት። ቁራጮቹን በዋሪስ አሮጌ ሽርጥ ጠቅልላ፣ እግሮቹ እንዲቃኑ አሰረችለት። ጠዋት ጠዋት ትፈታዋለች፣ በሞቀ ዘይት ታሸዋለች፣ መልሳ ታስረዋለች። «አባዬ» ትለው ጀመር። ለእኔ የነፈገችኝን ወሬ ለሱ ታወራለት ነበር፤ ቀናሁ፣ ምን ልዋሽ። በአምስተኛው ወር ቆመ። ከዚያማ የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ እየዘለለ አስቸገረኝ።

ዘንድሮ አረፋ ሲቃረብ ወንድሟ ዐብዲከሪም መጣ። በሟቹ በዋሪስ ስም የሚታረድ ፍየል ሲፈልግ ሰንብቶ ዋጋው አልቀመስ ብሎታል። አድጎ ወጠጤ የሆነውን አባዬን ሲያይ ቆም አለ። ጥርሱን ገልጦ አየ፣ ጆሮውን ዳሰሰ። ለአረፋ የሚታረድ እንከን ሊኖረው አይገባም፤ የሚያነክስ ከሆነ አይሆንም።

«እህቴ፣ ይሄ ሲወለድ እግሩ ቆልማማ አልነበር? አሁንም ያነክሳል?»

«ያነክሳል እንጂ አቦ!» አልኩ እኔ ፈጥኜ።

ዐብዲከሪም ዞር ብሎም አላየኝ። «አንቺ ንገሪኝ።»

ሰገል ወጠጤውን አየችው። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትጠበቅባት።

«አያነክስም» አለች፣ ገበያ ላይ የእርድና የሄል ዋጋ እንደምትናገር ሁሉ።

አባዬ ታርዶ በዓሉ ካለፈ በኋላ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቄ ተቆጣኋት። «ምን ነካሽ? ብትዋሺ ምን ነበረበት?»

«ለዋሪስ የሚታረድ ነበር፤ በሱ እንዴት ልዋሽ?» አለችኝ። ጀሪካኗ ሞልቶ ፈሰሰ። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋችና፣

«ሳልጠግነው ቀርቼ ቢሆን ይኖርልኝ ነበር» አለች።