ጉልቤ ያረፈበት ደረጃ

ዛሬም ውኃ የለም። ቢጫውን ጀሪካን ይዤ ስወጣ እጀታው ጣቶቼን ቢቆርጠኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጥኩት። ደረጃው የእርጥብ ሲሚንቶና የተቁላላ ሽንኩርት ሽታ አለው። እዚህች ጋ ስደርስ ሁልጊዜ አርፋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

የካ አባዶ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣልን በደስታ አልቅሰን ነበር። አራተኛ ፎቅ መሆኑን ማን ከቁም ነገር ቆጠረው? ብዙም ሳንቆይ ግን የእናቴ ጉልበት ከዳት፤ የጓጓንለት ቤት እስር ቤት ሆነባት። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሑድ እሑድ ታች ወርዳ ከሴቶቹ ጋር ፀሐይ እየሞቀች ሰው ማማት።

ያወረዳት ምድር ቤት የሚኖረው ጎረቤታችን ነው። ኤርፖርት አካባቢ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ደረቱ በር ያህላል። የአንዱን ጎረቤት ፍሪጅ ብቻውን ተሸክሞ ስላወጣ ብሎኩ በሙሉ "ጉልቤ" ይለው ጀመር። ጉልቤ መቼም ታውቂዋለሽ፣ በጉልበቱ የሚመካ፣ ሰፈር የሚያስፈራ ማለት ነው። እሱ ደግሞ ሕፃን ሲያለቅስ የሚደነግጥ ዓይን አፋር ነበር። ስሙን አይወደውም ነበር።

የመጀመሪያው እሑድ ጀርባውን ሰጥቷት ሲንበረከክ እናቴ በሀፍረት ፊቷን በነጠላ ሸፈነች።

"በስተርጅና መታዘል!"

"ኧረ ይታዘሉ እማማ፤ ማን ያይዎታል?"

ሰፈሩ በሙሉ ያያት ነበር። ታች አግዳሚው ላይ ሲያስቀምጣት ልጆች "ጉልቤ! ጉልቤ!" እያሉ ጮኹ፤ አንገቱን ደፋ።

"ምን ያስከፋሃል?" አለችው።

"ስድብ ነዋ እማማ። ተደባዳቢ ነህ እኮ ነው የሚሉኝ።"

"እነሱ ክንድህን ነው የሚያዩት። ቃሉ ከጉልበት ነው የመጣው።" ያበጠ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። "ክንድማ ለመማታትም ይሆናል። ሰው አዝሎ የሚነሳው ግን በዚህ ነው። ይሄ ሲሄድ አቅምም አብሮ ይሄዳል፤ እኔን እይ።"

እናቴ የቋንቋ አስተማሪ አልነበረችም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለዚያ ቃል ሌላ ትርጉም ፈልጌ አላውቅም። እሱም ጉልቤ ሲሉት "አቤት" ማለት ጀመረ።

አንድ ክረምት ከጭነት መኪና ላይ የተንሸራተተ ሣጥን ጉልበቱን ሰበረው። ከዘራ ያዘ። ሌሎች ጎረምሶች እናውርድዎት ቢሏት እናቴ አሻፈረኝ አለች። "እሱ ቅር ይለዋል" አለችኝ ለብቻዬ። ከዚያ በኋላ እሷ መስኮት ላይ፣ እሱ አግዳሚው ላይ ሆኑ።

"እማማ፣ ፀሐይዋ ወጥታለች!"

"የእኔንም ድርሻ ሙቅልኝ!"

ተሳስቀው ሲያበቁ መስኮቱን ዘግታ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ቤቱ ውስጥ አለ፤ ከሥራ ስገባ የሚቀበለኝ እሱ ነው።

የቀብሯ ዕለት ጎረምሶቹ ሬሳ ሣጥኑን ሊያነሱ ሲሉ እሱ ግድግዳውን እየተደገፈ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጣ። "እማማን የማወርዳቸው እኔ ነኝ" አለ። ማንም አልከለከለውም። ከዘራውን ለእኔ አቀበለኝና ትከሻውን ከሣጥኑ ሥር አስገባ። እዚህች ደረጃ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው፤ ሌላ ሰው ተተካለት።

ከቀብር ስንመለስ እዚሁ ተቀምጦ አገኘሁት። ከዘራውን ሳላስበው ይዤበት ሄጄ ኖሯል።

"እስከ ታች አላደረስኳቸውም" አለኝ።

ከጎኑ ተቀመጥኩ። ታች ለቅሶው እንደቀጠለ ነበር። በኋላ ወሎ፣ ዘመዶቹ ጋ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

በይ ጀሪካኔን ላንሳ፤ አንድ ፎቅ ነው የቀረኝ። ድሮ የእግሬን ኮቴ ሰምታ ከላይ "መጣሽ?" ትለኝ ነበር። አሁንም እዚህ ስደርስ ትንሽ ቆሜ አዳምጣለሁ።