የኦቦ ጀማል ቤት በንድፉ ላይ

ብምልላችሁም አታምኑኝም፤ በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ረብሻ ጊዜ እኛ ሰፈር ዓለም ገና ውሻው እንኳ ሌባውን ትቶ ወረቀት የጠቀለለ ሰው ላይ ነበር የሚጮኸው። ሜትር የያዘ ከታየማ አገሩ በሙሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ መሬት ሊወስድብን ነዋ!

ጎረቤቴ ኦቦ ጀማል መኖሪያ ቤታቸውን ብቻ አስቀርተው እርሻቸውን ለመስጊድና ለትምህርት ቤት ሰጡ። ንድፉን የሠራው ኢንጂነር ወረቀቱን ጠቅልሎ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ታዲያ እንደ ንብ ሰፈርንበት።

«ኧረ እኔ የመንግሥት አይደለሁም! የመስጊዱ ነኝ!» ብሎ ወረቀቱን ሣሩ ላይ ዘረጋው። መስጊዱ ይኸው፣ መማሪያ ክፍሉ ይኸው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይኸው። እኔ ፊደል የማልለየው ክርስቲያኑ ሰውዬ አንገቴን እንደ ሰጎን አስግጌ «ማሻአላህ!» አልኩ። ሁላችንም ዱላችንን ጥለን መረቅነው።

ኦቦ ጀማል ብቻ እንዳጎነበሱ ቀሩ። «ልጄ፣ የእኔ ቤትስ የታለ?»

ኢንጂነሩ ላቡን ጠረገና ጣቱን አንድ ጥግ ላይ አሳረፈ። «አባባ፣ እዚህ ጋ ነበር... መኪና ማቆሚያው ላይ።»

ባለቤታቸው አዴ ዘሃራ ከኋላችን ጮኹ፦

«ያኛውን ፕላን በዱላ ከደጅ መለስነው፤ ይኼኛው ቢስሚላህ ብሎ ጓዳችን ገባ!»