የኦቦ ኢቲቻ ጥርስ

ቡራዩ ውስጥ መኪና በጥርሱ የሚመረምር ሰው አለ ብላችሁ አብዳለች ትሉኛላችሁ። በሉ! እኔም ባላይ ኖሮ እንደዚያው ነበር የምለው።

ኦቦ ኢቲቻ አይሰሙም። በወጣትነታቸው ሰበታ አካባቢ ድንጋይ መፍጫ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተው፣ ጆሯቸውን እዚያው ትተው ተመለሱ። ሲመለሱ የአባታቸው እርሻ ላይ ቤት ተሠርቶበታል። በቀረችው ጥግ ቆርቆሮ ጣል አደረጉና መካኒክ ሆኑ። ጆሮ የሌለው መካኒክ! ሰፈሩ ስቆባቸው ነበር አሉ።

እኔ፣ የወይንሐረግ፣ የአዲስ አበባ ኪራይ አባሮኝ ቡራዩ የገባሁ ነኝ። ነገሩ የሆነው በ2008 ታኅሣሥ ላይ ነው፣ ማስተር ፕላኑ አገሩን ባመሰበት ሰሞን። እህቴ ሩሃማ ሆለታ ትኖራለች፤ ስኳር አለባት። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ሰነበተ፣ እዚያ ያሉት መድኃኒት ቤቶችም አልከፈቱም፣ ኢንሱሊኗ አለቀ። ጠዋት ላይ "መንገዱ ተከፍቷል፣ እስከ ማታ ግን መቆየቱን እንጃ" ሲባል መድኃኒቱን ከበረዶ ጋር ጠቅልዬ ወደ ዲኤክስ መኪናዬ ሮጥኩ።

መኪናዋ ከጥቂት ቀን ጀምሮ ታጉረመርም ነበር። የዚያን ቀን ባሰባት፤ ገፈርሳ ሳልደርስ እንደ ወፍጮ ትጮህ ጀመር፣ መሪውም እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ተመለስኩ። ጋራዡ ሁሉ ዝግ ነው። ክፍት ያገኘሁት የኦቦ ኢቲቻን ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

"የግራው ጎማ ኩሽኔታ ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው። "በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ግራው ነው! እሱን ይቀይሩልኝና ልሂድ፣ እህቴ ያለ መድኃኒት ናት!"

ከንፈሬን እያዩ አዳመጡኝ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ከጎኔ ገብተው ተቀመጡና "ጉራ ኬ ና ኬኒ" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ኦሮምኛ አልችልም፤ ጉራ የምትለዋን ግን ለይቼ ሰማኋት። "ጉራ? እህቴ ልትሞትብኝ ነው፣ እኔ ጉራ ልነዛ ነው እዚህ የመጣሁት? ጉረኛውስ አንቱ፣ ሳይሰሙ መካኒክ ነኝ የሚሉ!"

አብራቸው የምትሠራው ልጃቸው ደራርቱ እጇን እየጠረገች ወጣች። "እታለም፣ ጉራ በኛ ጆሮ ነው። ጆሮሽን ስጪኝ ነው ያሉሽ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም! አልሰሙኝም ብዬ እንዳልጽናና ከንፈር ያነባሉ። እሳቸው ግን ወደፊት ንጂ እያሉ በእጃቸው ያሳዩኛል።

ጆሮዬን ሰጠኋቸው። ባዶው መንገድ ላይ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አስጠመዘዙኝ፤ ጩኸቱ ሲበረታ እጄን አነሳለሁ። ሁልጊዜ የሚበረታው ወደ ግራ ስጠመዝዝ ነው። ይኸው፣ ግራው ነው ልል አፌን ስከፍት፣ "ቀኙ ነው" አሉ፣ አሁን በአማርኛ። "ወደ ግራ ስትታጠፊ ክብደቱ የሚወድቀው በቀኙ ላይ ነው።"

ተመልሰን በክሪክ አነሷት። ደራርቱ ጎማውን አሽከረከረች። ኦቦ ኢቲቻ የካቻቢቴውን ጫፍ ከጎማው ጀርባ ካለው ብረት ላይ አስደገፉ፣ የእንጨት እጀታውን ነከሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግራው ላይ ደህና ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀኙ ላይ ፊታቸው ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተጨማደደ። ሲፈቱት ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ተልጦ፣ ሙቀት አጥቁሮት ወጣ። በስመ አብ! በዚያ ኩሽኔታ ሆለታ ድረስ ብሄድ ኖሮ ጎማው ጥሎኝ ይሄድ ነበር። ሰው በጥርሱ ይሰማል እንዴ?

መለዋወጫ ከየት ይምጣ? ሱቁ ሁሉ ዝግ። ኦቦ ኢቲቻ ጓሮ ወደቆመችው የራሳቸው ዲኤክስ ሄደው የእሷን ቀኝ ጎማ መፍታት ጀመሩ።

"ኧረ፣ የአንቱ መኪናስ?" አልኩ።

"የኔ መኪና ስኳር የለባትም" አሉኝ።

ከእሷ ያወጡትን በቤንዚን አጠቡ፣ በግሪስ አሹ፣ ገጠሙ። ማሰሪያውን እስኪያንቅ አጠበቁና መልሰው ትንሽ ላላ አደረጉት። "ከጠበቀ ይቃጠላል፣ ከላላ ይወላገዳል" አሉኝ፤ ልኩን የሚያውቁት በጣታቸው ብቻ ነው።

ሆለታ ስደርስ ሩሃማ ከንፈሯ ደርቆ፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ኢንሱሊኑን ወጋኋት። ነፍሷ ትንሽ ስትመለስ አቀፍኳትና ይዣት ወጣሁ። ገፈርሳን ስናልፍ "መኪናሽ ምን ሆነች? ድምፅ የላትም እኮ" አለችኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቡራዩ ገባን። ኦቦ ኢቲቻ መንገዱ ዳር ቆመዋል፤ የራሳቸው መኪና ጓሮ ውስጥ በድንጋይ ተደግፋ፣ አንድ ጎማ ጎድሏታል። መጀመሪያ ሩሃማን አዩ፣ ቀጥለው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ።

"ዝም አለች?" ብለው ጠየቁኝ።

ዝም ያሰኟት እሳቸው፣ ዝምታዋን ግን የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ከንፈሬን እንዲያነቡት ቀስ ብዬ፣ "ዝም ብላለች፣ አባባ" አልኳቸው።