ለወንዱ አርባ፣ ለሴቷ ሰማንያ

እኔ ብሎ የሥርዓት ተከራካሪ! ሀ ሁ ያልቆጠርኩ፣ ቅዳሴው ሲረዝም ተደግፌ የማንጎላጅ አሮጊት፣ ምን ነክቶኝ ከመምሬ ጋር አፍ እንደገጠምኩ ለራሴም ይገርመኛል። ጥርሴ ሲያልቅ ምላሴ ሰፊ ቦታ አገኘ መሰለኝ። ይኸንንም የማወራው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው ልጄ ናት። ካጣመመችው ኃጢአቱ የሷ ነው።

ነገሩ የጀመረው ይቺው ልጄ መንታ ስትገላገል ነው። አንድ ሴት፣ አንድ ወንድ። ቀድማ የመጣችው ሴቷ ናት። በሩን እሷ ከፈተች፣ እሱ ከኋላዋ ተንሸራቶ ወጣ። ይኸን ልብ በሉልኝ።

የልጄ ባል ወታደር ነው። ከሸዋ ተመድቦ መጥቶ እዚህ ሐረር አግብቶ፣ አሁን ደግሞ ጠረፍ ነው ያለው። ለክርስትናው የአንድ ሳምንት ፈቃድ አግኝቷል። እናቱ ከሱ ቀድማ ቅቤዋንና በሶዋን ተሸክማ በአውቶቡስ መጣች። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፣ በሆዴ ግን አንቺ ነው። ቤት ስትገባ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንዱን አፈፍ አደረገችው።

«የኔ ጌታ! የአባቱ ምትክ!»

ሴቷንስ? እግሯን ሳም አደረገችና አለፈች። ያንን ቀን ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ወንዱ የሷ፣ ሴቷ የኔ።

ቅናት እንዲህ በስተርጅና ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወጣት ሆኜ በባሌ እንኳ እንዲህ አልቀናሁም፤ መልኩም ያን ያህል አልነበረም። አሁን ግን ሰው ለመጠየቅ ሲመጣ ማንን ቀድመው እንዳዩ ዓይኔ ይጠብቃል። ጎረቤቴ፣ የሐረር ልጅ እስላም ናት፣ አብረን ያረጀን ነን፣ አብሽ መትታ የምትሠራውን ሁልበት ለአራሷ ወተት ይሆናታል ብላ ይዛ መጣች። የወንዱ አያት ዘላ ተነስታ የሱን መጠቅለያ ገለጠችላት።

«ማሻ አላህ» አለች ጎረቤቴ።

«ይቺንም እዪልኝ እንጂ!» አልኩና ሴቷን ጭኗ ላይ ጣልኩላት።

«ማሻ አላህ! ይቺማ ወንድሟን በልታ ነው የወጣችው።»

ደስ አለኝ። እውነቷን ነው፣ የኔዋ ድንቡሽቡሽ ናት። የሱ አንገት የሽንኩርት ቅጠል ነው የሚያክለው።

ከዚያ የንስሐ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ሲጨርሱ፣ «እንግዲህ ወንዱን በአርባ ቀኑ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀኗ ነው» አሉ። እኔ እንደ ማንም ሰው ይኸን ስሰማ ኖሬያለሁ። የራሴንም ልጆች እንደዚያው ነው ያስጠመቅኩት፣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጣቴን ቆጠርኩ። አርባው ከቅበላ በፊት ነው፤ አባት አለ፣ በግ አለ፣ ሰው አለ። ሰማንያው ሁዳዴ መሀል ገባ። አባትየው ጠረፍ፣ በጉ ያው በረቱ፣ የኔዋ ድግስ ሽሮ!

«መምሬ፣ ሁለቱም እኮ ባንድ ሆድ ነው የኖሩት» አልኳቸው። «ባንድ ቀን ቢጠመቁ ምናለ?»

«ሥርዓት ነው እማማ። አዳም በአርባ ቀኑ ገነት ገባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገባች። የዚያ ምሳሌ ነው።»

«እንግዲያ አዳም አርባ ቀን ብቻውን ሲጠብቃት ከረመ ማለት ነዋ! ይኸም ይጠብቃታ!»

መምሬ ወጣት ናቸው፣ ሳቅ ይቀድማቸዋል። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። የወንዱ አያት ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ልጄ ሰማንያ ቀን ሙሉ አረመኔ ሆኖ ይቀመጥ? ቢሞትስ?»

«የኔዋስ ብትሞት? ለሷ ሲሆን ሞት ቀን ይሰጣል?»

ኋላ መምሬ፣ «ሕፃን ከታመመ ቀኑ ሳይሞላም ይጠመቃል» አሉ ለማስታረቅ ብለው።

ምነው ባላሉ! በሳምንቱ ልጅቷን በጋቢ ጠቅልዬ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ፊቴን አጨፍግጌ፣ «መምሬ፣ ጡት አልይዝ ብላ አደረች፣ ነገሯ አላማረኝም» አልኩ። እሳቸውም ደንግጠው መስቀላቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ። ይቺ ጉደኛ መስቀሉ ጉንጯን ሲነካት አፏን ከፍታ ያዘችውና እንደ ጡት ትምገው ጀመር። ይጎትታሉ፣ አትለቅም።

«እማማ፣ እባክዎ በሽተኛዋን ከመስቀሌ ላይ ያላቅቁልኝ» አሉኝ።

እንደዚያ ተዋርጄ ተመለስኩ። እሁድ ደግሞ ይባስ ብሎ አንድ እንግዳ ሰባኪ መጣ። ድምፅ ማጉያው ሐኪም ጋራ ላይ ላለ ሰው እንኳ ይሰማል። የጥምቀት ነገር አነሳና፣ ሴት ልጅ ቀኗ እጥፍ የሆነው ሔዋን ቀድማ ፍሬውን ስለበላች ነው፣ ቅጣቷ ነው አለ። የወንዱ አያት በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ፤ ሰማሽ? ማለቷ ነው።

«እሱስ ግማሽ ነው እንዴ የጎረሰው?» አልኩ። በሹክሹክታ ያልኩ መስሎኝ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸው ውስጥ ገብተው ሳቁ። ሰባኪው ዞር ብሎ አየን። እኔ ቶሎ ብዬ አማተብኩ።

ግን ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ነገሩ ከዚያ በኋላ ያንገበግበኝ ጀመር። ዘጠኝ ወር ባንድ ሆድ፣ አንድ ደም ጠጥተው፣ አንድ እናት አስምጠው የመጡትን፣ ማን ነው ውጭ ሲወጡ አንቺ ባለ ዕዳ ነሽ፣ አንተ ነፃ ነህ ያላቸው? ይኸን የደነገገው ሰውዬ መንታ አቅፎ ያውቃል? ምጣድ ሳይጥድ፣ ምጥ ሳይዘው አውቄዋለሁ ብሎ የሚናገር ወንድ መቼም አይጠፋም። ቤት ውስጥ እየዞርኩ ይኸንኑ ሳጉረመርም ልጄ ሰምታ ኖሯል። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ላይ ሆና፣

«እማዬ፣ በቃኝ» አለች። «አብረው ካልሆነ አንዳቸውንም አልሰጥም። ሁለቱም በሰማንያው ይጠመቁ።»

አባትየው የሁለቱም ክርስትና ሊያመልጠው ነው። በጉም ለሁለቱም ቀረ። እኔ ግን ተካከሉልኝ ብዬ ያን ቀን እንቅልፉ እንዴት ጣፈጠኝ! ይኸንን ነው ቅናት የምላችሁ።

የወንዱ አያት አልተጣላችም፣ አልጮኸችም። ዝም ብላ ምግብ ተወች። ቀን ቀን ልጁን ታቅፋ ትቀመጣለች፣ ሲተኛ ጣቷን ከአፍንጫው ሥር ታደርጋለች። አንድ ከሰዓት ጓሮ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጣ፣ ልጁ ጭኗ ላይ ተኝቶ፣ ያንኑ ስታደርግ አገኘኋት። ላበሽቃት ፈለግኩ።

«እትዬ፣ ልጁን ነው የሚጠብቁት ወይስ ትንፋሹን?»

ቀና ብላ አየችኝ። የተቆጣች አልነበረችም።

«የመጀመሪያዬ ወንድ ነበር» አለች። «ለአርባው ጥቂት ሲቀረው ታመመ። ቄስ እስኪጠራ ሞተ። ክርስትና ያልተነሳ አይፈታም፣ ቅጥር ግቢም አይገባም አሉ። አማቴ በሰፌድ ይዘውት ሄደው ከግራር ሥር ቀበሩት። እኔ አራስ ነኝ፣ ቦታውን እንኳ ያየሁት ቆይቼ ነው። ሰባኪው ሁሉ ያልተጠመቀ ብርሃን አያይም ይላል። ስንት ልጅ ወለድኩ ከዚያ ወዲህ፣ እሱን ግን እስከዛሬ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ።»

ተረቤን ትቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ አዘንኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። በሷ አይደለም።

«እትዬ፣ እስቲ ይስሙኝ። እዚህ ሸዋ በር ወርደው ሚኒባሶቹን አይተዋል? ረዳቶቹ ምን ዓይነት ክፉዎች እንደሆኑ ያውቃሉ፤ ለእኔ ለአሮጊቷ እንኳ አይራሩም። ግን የታቀፈ ሕፃን አስከፍለው አያውቁም። ታዲያ እግዜር ከሚኒባስ ረዳት ያንሳል? ጡት የሚጠባ ልጅ ደጁ ላይ አቁሞ፣ ጥቂት ቀን ጎድሎሃል፣ ተመለስ ይለዋል?»

ሳቅ አለች፣ እንባዋም መጣ። «እርስዎ ይላሉ እንጂ መጽሐፉ እንደዚያ አይልም።»

እጇን ይዤ መምሬ ዘንድ ወሰድኳት። በሩ ላይ ሲያዩኝ፣ «ደግሞ ማን ታመመ?» አሉ። ቀልድ አልመለስኩም። የልጁን ነገር ነገርኳቸውና፣ «ይኸ ልጅ የት ነው ያለው? ዛሬ ይንገሯት» አልኩ።

«አባቶቻችን እንደሚሉት…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። እሷን አዩ። መሬቱን አዩ። «የእግዚአብሔርን ምሕረት እኛ አንሰፍረውም፣ እናቴ። ክፉ ቦታ ነው ልልዎ አልችልም። የት እንዳለ እኔ አላውቅም» አሉ።

«አላውቅም?» አልኩ። «ይኸን አላውቅም የሚል ቃል ያኔ ልጇ ግራሩ ሥር ሲቀበር አንድ ሰው ቢነግራት ኖሮስ? ስለማታውቁት ነገር ምነው በድምፅ ማጉያ ትናገራላችሁ?»

መምሬ አልተቆጡኝም። እንደውም አንገታቸውን ደፉ። እሷ መስቀል ተሳልማ ወጣች። ሸዋ በር ስንደርስ፣ ሚኒባሶቹ መሀል፣ ረዳቶቹ እየጮሁ፣ ቆመችና ነጠላዬን ያዘች።

«እትዬ፣ ልቤ ትንሽ አርፏል። ግን ይኸኛውን በአርባው ይስጡኝ። ከዚያ በላይ መጠበቅ አልችልም።»

እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ? ቤት ገብቼ ልጄን፣ «ስጫት» አልኳት። ቃሉ ሲወጣ ጥርስ የሚነቀል ያህል አመመኝ። ልጄም አያቲቱን አየችና እሺ አለች።

አርባው ደረሰ። አባትየው ዋዜማውን ገብቷል። ወንዱን አያቱ ታቅፋ፣ አባቱ ከጎኗ፣ የክርስትና አባቱ ከኋላ ሆነው ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ልጄ የሴት አራስ ስለሆነች አትገባም፤ ሰማንያዋን መጠበቅ አለባት። የወንድም አራስ እኮ ናት፣ ግን ሲቆጠር የሴቷ ነው የሚቆጠርባት። ስለዚህ እኛ ሦስት ሴቶች፣ ልጄ፣ እኔና ያቺ ድንቡሽቡሽ፣ ከአጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከውስጥ እልልታው ሲነሳ አንጀቴ ተቃጠለ። ለሱ እልል ተባለ፣ ለዚችስ? ተነስቼ እኔም ከውጭ ለቀቅኩት።

ዘበኛው ሮጦ መጣ። «እማማ፣ ምን ሆነዋል? እልልታው ውስጥ ነው።»

«የኔ ለውጭዋ ነው!»

ቤት በግ ታረደ፣ ሰው ሞላ። አባትየው ሴቷን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲዞር ዋለ። «የሷ መቼ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። በልቡ ቆጠረና እቅፍ አደረጋት። በሳምንቱ መጨረሻ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እሷን ሁለቴ ሳማት፣ ወንዱን አንዴ። ቆጥሬያለሁ።

ሰማንያው ሁዳዴ መሀል መጣ። ሰዉ ጥቂት፣ ወጡ ሽሮና ምስር፣ አባት የለ። የወንዱ አያት አልሄደችም ነበር፤ ሳላያት አልሄድም ብላ ቆየች። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ እጇን ዘረጋች። «እስቲ እኔም ልቀፋት» አለች። እምቢ ልል አፌን ስከፍት ያቺ ከዳተኛ ለሷ ፈገግ አለችላት። ለኔ ለአጣቢዋ፣ ለአዛይዋ፣ ስለሷ ከቄስ ለተጣላሁት በወጉ ፈገግ ብላ አታውቅም!

«እስከ በሩ ብቻ» አልኩና ሰጠኋት።

ተጠመቀች። ውኃው ሲነካት አላለቀሰችም፣ መምሬን በእግሯ መታቻቸው። «እጥፍ ቀን የጠበቀች ናት፣ ሒሳቧን እያወራረደች ነው» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን አሁንም ቢሆን ይኸ ነገር አልተዋጠልኝም። ጸሎቴን አልተውኩም፣ ጾሜን አልሻርኩም፣ ግን እግዜር ዘንድ ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው የግራሩን ልጅ ነው፣ ሁለተኛ ይኸንን ነው።

ከሰዓት ጎረቤቴ ለእንኳን ደስ ያላችሁ መጣች። ሽሮውን እየበላች ሁሉንም ከሥር ጀምሬ አወራሁላት፤ ሔዋንን፣ ሰባኪውን፣ ድንጋዩን፣ በጉን። እሷ እያኘከች ትሰማለች።

«እናንተ ጋ ወንዱም ሴቷም በሰባተኛው ቀን ነው አይደል ስም የሚወጣላቸው?» አልኳት። «ይኸኔ ወደናንተ ብመጣ ይሻለኝ ነበር።»

ጣቷን ላሰችና ሰሃኑን ወደኔ ገፋች።

«ወላሂ አትልፊ» አለች። «እኛም ጋ ለወንድ ሁለት በግ፣ ለሴት አንድ ነው የሚታረደው።»