እማዋይሽና እየሮጡ መብላት

መጀመሪያ ቴምሩን ትሰነጥቃለች። ቢላ አትጠቀምም፤ በአውራ ጣቷ ጥፍር ከላይ እስከ ታች ትከፍተውና የውስጡን ፍሬ መንጭቃ ትጥላለች። ጫፉ ላይ ያለችውን ደረቅ ቆብ አትረሳትም፤ ጥርስ መሃል ከገባች ለረጅም መንገድ ታናድዳለች። ከዚያ በሙቅ ውሃ ለስለስ አድርጋ በሹካ ትደፈጥጠዋለች። በሶውን ደጋግማ ትነፋለች። ለቤት ቢሆን አንዴ ይበቃ ነበር፤ ለሩጫ ግን የገብሱ ገለባ ሆድ ያውካል። የተነፋውን ቴምሩ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሰች ታሻለች፣ ታሻለች፤ እጇ ላይ መጣበቁን ሲተው ታቆማለች። ቁንጥር ጨው፣ ትንሽ ማር፣ የሎሚ ጠብታ። መዳፏን ዘይት አስነክታ ታድቦለቡላለች፤ ድቡልቡሉን ግን እንዳለ አትተወውም፤ በሁለት ጣት ተጭና እንደ ኮት ቁልፍ ጠፍጣፋ ታደርገዋለች። ምክንያት አለው። እየሮጠ በአፉ የሚተነፍስ ሰው ክብ ነገር ቢጎርስ ሊታነቅ ይችላል፤ ጠፍጣፋው ግን ጉንጩ ስር ተቀምጦ ቀስ እያለ ይሟሟል። በመጨረሻ አንድ በአንድ በወረቀት ትጠቀልላለች። የወረቀቱን ጫፍ አታጥፈውም፤ ያላበው ጣት ቶሎ እንዲከፍተው።

ሥራዬ የሆቴል ወጥ ቤት ስለሆነ ሰውን የማውቀው በእጁ ነው። በእማዋይሽ እጅ ላይ የማወጣው እንከን የለም። ችግሩ፣ ያን ሁሉ ደክማ ሠርታ፣ ጠቅልላ፣ ኪሷ ከታ ስትሮጥ አንዱንም አለመቅመሷ ነበር።

እማዋይሽ ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር ሊፍቱ ከሚሠራበት ጊዜ የሚቆምበት የሚበዛ ሕንጻ ላይ ትኖራለች። በ1991 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ወገን በአውሮፕላን ስትመጣ ኮረዳ ነበረች። ፋብሪካ ውስጥ ማሸግ ሠርታለች፣ ደረጃ አጥባለች፤ አሁን ከከተማው ወጣ ባለችው ዖሜር የአንድ አዛውንት መታፔሌት፣ ተንከባካቢ ናት፤ ታለብሳለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች። መሮጥ የጀመረችው አውቶቡስ ጥበቃ ሰልችቷት ነው። መጀመሪያ ከቫቭ እስከ ዖሜር በእግሯ ሄደች። አንድ ቀን ዝናብ ሊይዛት ሲል ሮጠች፤ ስትደርስ አለመድከሟ ራሷን ገረማት። ቦርሳዋን በጀርባዋ አስራ መመላለስ ጀመረች፤ ቆይቶም ዓርብ ዓርብ ጠዋት በናሐሉ፣ በደረቁ ወንዝ ዳር ከሚሮጠው ቡድናችን ጋር ገባች። ዓርብ የሆነው ቅዳሜ ሻባት ስለሆነ ነው፤ ረጅሙን ሮጠን ገና ለሻባት ምግብ እንደርሳለን።

አሠልጣኛችን ኦዴድ ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ነው። ለአዲስ ሰው የሚናገረው አንድ ነገር አለው፦ ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተቀመጠው ስኳር ለሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ለትንሽ ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስሮጥሽ ኪስሽ ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ይበላል፣ ሁለት ጉንጭ ውሃ ይከተላል፤ ሲርብ ሳይሆን ከመራቡ በፊት። እማዋይሽ ይህን በደንብ ሰማች። ጠፍጣፋውን የበሶ ቁራሽ የፈለሰፈችውም ከዚያ በኋላ ነው። ለእኛም ታድለን ነበር፤ እኛም እንበላው ነበር። እሷም እንደምትበላ ነበር የምናስበው።

ባለፈው ዓመት በብርዱ ወር በተሮጠው የከተማው ማራቶን ጉዱ ወጣ። ማታውን ወጡን ትታ ሩዝ በልታ ተኛች፤ ጠዋት ማለዳ አጥሚት ጠጣች፤ ሁሉም በሥርዓቱ ነበር። እስከ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ድረስም እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሄደች። ከዚያ እግሯ የሌላ ሰው እግር መሰላት። ሰዎች ወደ ቀኝ ሲታጠፉ እሷ ወደ ግራ ሄደች። የዕርዳታ ሠራተኞች ሲያገኟት ሽኩና ሄ ውስጥ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ እጇ ላይ የተጨማደደ ሙዝ አለ። ሙዙን ከውሃ ጠረጴዛ ላይ አንድ ልጅ ሰጥቷት፣ እምቢ ማለት አፍራ ተቀብላ፣ ሳትልጠው ነበር ያን ሁሉ መንገድ የያዘችው። ኪሷን ሲፈትሹት የበሶው ቁራሽ ወረቀቱ ሳይነካ እንዳለ ወጣ።

«ላማ ሎ አካልት?» አላት አንደኛው፤ ለምን አልበላሽም ማለቱ ነው።

በዚያ ድካም ዕብራይስጡ ጠፍቷት በአማርኛ መለሰች፦ «ሰው እያየኝ?»

ልጇ ሃዳስ ያን ጊዜ ነበር እየሮጠች የደረሰችው። የዕርዳታ ሠራተኛው «ምን አለች?» ብሎ ጠየቃት። ሃዳስ ቃል በቃል ተረጎመችለት። ሰውዬው ግን አልገባውም።

ለእኛ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። መንገድ ላይ እያኘኩ መሄድ ነውር ነው፤ ሰው ቆሞ እያየ እንብላ ሳይሉ መጉረስ ደግሞ የባሰ ነውር ነው። በኋላ ስናዋራት ነገሩን በደንብ አስልታው ነበር። «መንገዱ ዳር የቆመውን ሕዝብ አይታችኋል?» አለችን። «ለማን እንብላ ልበል፣ ለማንስ ልተው? ለአንዱ ብዬ ለሌላው ብተው ይቀየመኛል። ለሁሉም ስል ደግሞ ትንፋሼ ያልቃል።»

ሃዳስ አልሳቀችም። «ኢማ፣ ዳይ» አለች፤ እማዬ በቃሽ ማለቷ ነው። ሌላ ጊዜ መንገድ ላይ እንዲህ እንድትወድቅ እንደማትፈልግ፣ ከሥራዋ ላይ ስልክ ሲደወልላት ምን እንዳሰበች፣ ሁሉንም በዕብራይስጥ ነገረቻት። እማዋይሽ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና በልጆቿ ፊት ቃል ሰጠች፤ እንደገና ብትወድቅ ጫማውን ትሰቅላለች፣ አትሟገትም። እማዋይሽ ቃል ከሰጠች ሰጠች ነው። ስትሮጥ የምታገኘውን አንድ ቀን ለእኔ እንዲህ ብላ ነግራኛለች፦ «ከቤት እስከ ሥራ፣ ከሥራ እስከ ቤት፣ ሁልጊዜ ሰው ይጠራኛል። እየሮጥኩ ግን ማንም እማዋይሽ ነይ አይለኝም።» እንግዲህ ሊቀርባት የነበረው ይህ ነው።

ከዚያ የሙከራው ወራት መጣ። የሩጫ ጓደኛዋ ወርቄ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ምላሷ ከእግሯ ይፈጥናል። «እትዬ፣ ጄል ጠጪ፤ ያን ሯጮች ከከረጢት የሚጠጡትን የስኳር ዝልግልግ» አለቻት። «መጠጥ ነው፣ ምግብ አይደለም፤ ውሃ ስትጠጪ ለማን እንብላ ትያለሽ?» እማዋይሽ ጠጣች። የሳል መድኃኒት ይመስላል ብላ ዖሜር መገንጠያው ላይ አስመለሰችው። በሶውን በጥብጠው በጠርሙስ ሰጧት፤ ሆዷ ውስጥ እንደ ገንቦ ውሃ እየተንቦጫረቀ አስቸገራት። ከአውቶቡስ ፌርማታ ጀርባ ተደብቃ ብትበላስ ተባለ። ሞከረችው። ፌርማታው ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ባልቴቶች ዞረው ቢያዩዋት የያዘችውን ሰጥታቸው ተመለሰች።

«እንዴት ነው፣ ወደዱት?» አለቻት ወርቄ።

«ጨው አነሰው አሉ።»

ነገሩ የተፈታው ዖሜር ነው፣ ምሳ ላይ። የምትንከባከባቸው አዛውንት ኡሪኤል ይባላሉ፤ እሷ አባባ ኡሪኤል ትላቸዋለች፣ እሳቸውም ቃሉን ወደውታል። የስኳር ሕመም ስላለባቸው ቢርባቸውም ባይርባቸውም በሰዓቱ መብላት አለባቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ብቻቸውን ማዕድ መቅረብ ጠልተዋል። እማዋይሽ ይህን የተረዳችው ሥራ በጀመረች ሰሞን ነው፤ ማንም ሳያዛት ሁለት ሳህን ማቅረብ ጀመረች። እሷ አንድ ማንኪያ ስትጎርስ እሳቸው አንድ ይጎርሳሉ። አንድ ቀን ታዲያ ሆዷን ስለከበዳት አንድ ሳህን ብቻ አቀረበች። ሽማግሌው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

«አልራበኝም» አሉ።

«ራበዎት አልራበዎት ሰዓቱ ነው፣ አባባ ኡሪኤል። እስኪርብዎት ከጠበቁ ረፍዷል።»

«ይህን የምታውቂ ሰው እንዴት ኪስሽ ሞልቶ ወደቅሽ?»

የሚያወሩት በዕብራይስጥ ነው፤ እሷም በዚያው መለሰች፦ «ብቻዬን ስለነበርኩ ነዋ።»

«እኔስ ከማን ጋር ነኝ?»

እማዋይሽ ተነስታ ሁለተኛውን ሳህን አመጣች። ሾርባው ከሁለቱም ሳህን እስኪያልቅ ማንኪያ በማንኪያ በሉ። ይህን ስትነግረኝ «ለእሳቸው የማደርገውን ለራሴ ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅሁም ነበር» አለችኝ፤ ሌላ አላከለችበትም።

በማግስቱ ዓርብ ሁላችንንም ናሐሉ ዳር አቁማ ሕግ አወጣች። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዳችን ጄላችንን በመሰለን ጊዜ እንውጥ ነበር፤ እንደ ፈረንጅ ሆነናል እንላለን እንጂ እኛም ስንበላ ፊታችንን እናዞር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድነት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ እማዋይሽ አንዱን ቁራሽ ትፈታለች፣ ለሁለት ትከፍለዋለች፣ ግማሹን ለወርቄ ትዘረጋለች። «እንብላ።» «እንብላ፣ እትዬ።» ሩጫው አይቆምም። ኦዴድ አማርኛ አያውቅም፤ እንብላን ግን ተምሯል፤ እያለከለከ ሲለው ወርቄ እስካሁን ትስቃለች።

መጀመሪያ ሰሞን ሆዷ አልተቀበለም። ሆድም እንደ እግር ሥልጠና ይፈልጋል፤ እየተንቀጠቀጠ መፍጨትን ቀስ በቀስ ነው የሚለምደው። በግማሽ ቁራሽ ጀምራ ወደ ሙሉ ሄደች፤ ማሩን ቀንሳ ጨዉን ጨመረች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዖሜር ደርሳ፣ ተመልሳ፣ ናሐሉን ዞራ ቤቷ ትገባና ሳትጋደም በቀጥታ የሻባቱን ምግብ ትሠራ ጀመር። ሃዳስ አንድ ዓርብ ከበሩ ቆማ እናቷ ሽንኩርት ስትከትፍ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ የዘንድሮውን ማራቶን ራሷ በስልኳ አስመዘገበቻት። ቃሉ ግን እንዳለ ነው። አንድ ጊዜ ከወደቀች ያበቃል።

ሁሉም ደህና ሆኖ ሳለ ወርቄ አረገዘች። የምሥራች ነው፣ ደስ ብሎናል፤ በማራቶኑ ቀን ግን ሰባተኛ ወሯን ትይዛለች። ከእኛ መሃል በእማዋይሽ ፍጥነት የሚሮጥ ሌላ ሰው የለም፤ አንዳንዶቻችን ፈጣን ነን፣ እንደ እኔ ያለነው ደግሞ ወደ ኋላ እንቀራለን። የኦዴድ ጉልበት ከግማሽ በላይ አይወስደውም። ስለዚህ ከሃያኛው ኪሎ ሜትር ወዲያ፣ በትክክል ምግቡ በሚያስፈልግበት መንገድ፣ ብቻዋን ናት። ሠላሳኛውን የምታልፈውም በሽኩና ሄና በሽኩና ቫቭ መካከል ነው፤ ሁሉ በሚያውቃት፣ ሁሉ በሚያያት ሰፈር።

«እዚያ ስደርስ እበላለሁ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም» አለችኝ ባለፈው ሳምንት፣ የበሶውን ሳህን እያጠበች። ስለ እሷ ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት የሮጠችበትን ሰዓትም፣ የመጣችበትንም ታሪክ አላነሳችም። ለሰፈር ሰው የምትለው እንዳለ ብቻ ነገረችኝ። የተናገረችው ይህ ነው፤ አላሳጠርኩትም።

«በማራቶኑ ዓርብ ቁርሳችሁን ቤት ውስጥ አትብሉ። ይዛችሁ መንገድ ዳር ውረዱ። ዳቦ ይሁን፣ ብርቱካን ይሁን፣ ያላችሁን። ማጨብጨባችሁን እወደዋለሁ፤ ግን እጃችሁ ለጭብጨባ ባዶ ከሆነ እኔ አልበላም፣ ካልበላሁ እወድቃለሁ፣ ከወደቅሁም ሩጫው ቀርቶብኝ ቤት እቀራለሁ። እማማዎችና አባባዎች፣ ደጅ መብላት ነውር ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። ወንበር አውጡ፤ ተቀምጦ የሚበላን ሰው ማንም አይነቅፈውም። ልጆቻችሁንም አስቀምጡ። ለእኔ ምንም አትስጡኝ፤ የራሴን ይዣለሁ። ከሩቅ ስታዩኝ እናንተ ቅደሙና እንብላ በሉኝ።»