ክሎሮፎርምና የወንድም ጋሼ ልብ

ታላቅ ወንድሜ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ፉርጎ ሲቀጥል የግራ እግሩ ጣቶች ተጨፈለቁ። ሰንብተው ጠቆሩ፤ ሸተቱም። በባቡር የመጣው ፈረንጅ ሐኪም ካልተቆረጡ እግሩን፣ ቀጥሎም እሱን እንደሚወስዱት ነገረን። እኔ ከጣቢያው ሠራተኞች የለቃቀምኳት ፈረንሳይኛ ነበረችኝ፤ ስድቧ ከሰላምታዋ ይበዛል። ከእኔ የተሻለ ሰው ስላልተገኘ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ሐኪሙ ወንድሜን ጠረጴዛ ላይ አስተኛና የእጁን አንጓ አስያዘኝ። "ትርታው ሲፈጥንም ሲዘገይም ጮክ ብለህ ንገረኝ" አለ።

ወንድሜ ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሳቀ። "የራሱን ልብ የማያውቅ የኔን ሊጠብቅ?"

"ይተኙ፣ ወንድም ጋሼ። ዛሬ እንኳ አፍዎ ይረፍ።"

የሚያስተኛው መድኃኒት፣ ክሎሮፎርሙ፣ አፍንጫው ላይ በተደረገው ጨርቅ ጠብ ጠብ ሲል ወንድሜ መጀመሪያ ተራገጠ፤ ልቡ እንደ ደነበረ በቅሎ ጋለበ። ቀስ በቀስ ዝም አለ። ሐኪሙ የዓይኑን ሽፋን ገልጦ ብሌኑን አየ።

"ተኝቶ የለም እንዴ? ምን ያዩለታል?" አልኩት።

"እሱማ ተኝቷል። ልቡና እስትንፋሱ፣ ላቡም፣ ዓይኑም ግን እሱ ሳያዛቸው የሚሠሩ ናቸው። መድኃኒቱ ሲበዛ እነሱንም ያስተኛል። እዚያ እንዳይደርስ ነው የምንጠብቀው።"

ይህን ሰምቼ ስደነቅ ትርታው ከጣቴ ሥር ሳሳ። ፈረንሳይኛዬ ብን ብላ ጠፋችና በአማርኛ ጮህኩ፦ "ደከመ! ትርታው ደከመ!"

ሐኪሙ ፊቴን አይቶ ገባውና ጨርቁን አነሳ። አክስቴ ግን ከጎረቤቶቿ ጋር መስኮቱ ሥር ቆማ ነበር። በእኛ ዘንድ ትርታ ደከመ የሚባለው ቄስ ከተጠራ በኋላ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ሙሾ አወጣች፤ ጎረቤቶቿም ደረት እየመቱ ተቀበሉ።

በዚያው ቅጽበት ትርታው ተመለሰ። መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ኋላ ደህና አድርጎ ጣቴን መታኝ። ሐኪሙ የወንድሜን የእግር ጣቶች ቆርጦ እስኪጨርስ ድረስ አንጓውን አልለቀቅኩም። አክስቴን ዝም ለማሰኘት የሞከረ ሁሉ ግን ሊያስተዛዝናት የመጣ እየመሰላት ይብስ አስለቀሳት።

"ልቡን የመለሰው ለቅሶው ይሆን?" ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት።

"ጨርቁን ስላነሳሁ ነው" አለኝ። ልክ ነው መሰለኝ። ዛሬም ድረስ ግን አልፎ አልፎ የገዛ አንጓዬን ይዤ፣ ልቤን ፍጠን ብዬ አዝዛለሁ። አንድ ቀን እንኳ ታዞልኝ አያውቅም። ቤቱ የኔ፣ አዛዡ ሌላ።

ወንድሜ ሲነቃ መጀመሪያ ጭኔ ላይ አስመለሰ። ቀጥሎ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘነበለ።

"ማን ሞተ?"

"እርስዎ ነዎት፣ ወንድም ጋሼ።"

የአክስቴን ሙሾ አዳመጠና "እንግዲያ ሂድና ንገራት፤ ሙሾው ላይ ጀግንነቴን አሳንሳዋለች" አለኝ።