ማክሰኞ የበላነው ዓሳ

ስሙኝማ፣ ይቺን ብቻ አድምጡኝ። ትናንት ከሥራ ገብቼ፣ መካነ ሰላም በተከራየኋት ክፍል ለራቴ የሽምብራ ዓሳ ስሠራ፣ ሊጡ ዘይቱ ውስጥ ችስ ሲል ሽታው ይዞኝ ሄደ።

ልጅ ነኝ። እማ የሽምብራውን ሊጥ በእጇ እያሾለች ዓሳ ታደርገዋለች። በማንኪያ ጫፍ ቅርፊት ትጭርለታለች፣ ጭራ ታወጣለታለች። ጠብሳ ቀዩ ወጥ ውስጥ ስትለቃቸው፣ ወጡ ተክተክ ሲል፣ በኩራዙ ብርሃን ሲዋኙ አያለሁ። እውነቴን ነው፣ ይዋኙ ነበር።

«ወተትስ፣ እማ?»

«ጾም ነው፣ ልጄ።»

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ በር ላይ ቆመው ሰሙ። «ያ ረቢ! ዛሬ ማክሰኞ አይደል እንዴ? ደግሞ አዲስ ጾም አወጣችሁ?»

«የዚህ ቤት ጾም ነው፣ እትዬ» አለች እማ፣ ቀና ሳትል።

እትዬ ዘሃራ ሻሻቸውን ሰብስበው አጠገቧ ቁጭ አሉ። «አብሽሪ። በይ እኔም ጾመኛ ነኝ፣ ከዓሳሽ አጉርሺኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። የእማ ሳቅ መሃል ላይ ተቆርጦ እንባዋን ጠረገች፤ እኔ ጭሱ መስሎኝ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ላማችን በድርቁ ሞታለች፤ ያ ሽምብራ የመጨረሻ ዱቄታችን ነበር። የእርዳታው ስንዴ ግን እዛው ሰፈራችን መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ «የቀበሌ ሹሞቹ ስብሰባ ይለቅና ይታደላል» እየተባለ።

ትናንት የኔም ወጥ በሰለ፤ ድስቱን አወረድኩት። እናንተ ቁልፉን ኪሳችሁ ከታችሁ ስብሰባ የተቀመጣችሁ ሰዎች፣ እስቲ ንገሩኝ፦ ያን ቀን የናንተ ልጆች ራት ምን በሉ?